ደርሶ መልስ፦ ለጀማሪ ብስክሌተኛ የቅርብ መዳረሻ ስለማዘጋጀት

ለቦሬ ከተማ አስተዳደር
ለነገሌ ቦረና ከተማ አስተዳደር
በሁለቱም ከተሞች ለሚገኙ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ ለጀማሪ ብስክሌተኞች በአጭር ርቀት የሚገኙ መዳረሻዎችን መምረጥ፣ መለካትና ለሕዝብ ማሳወቅን ይመለከታል።

ብስክሌት መንዳት የተማረ ሰው ከመማሪያው ሜዳ እንደወጣ የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ልሂድ?» የሚል ነው። ሚዛን መጠበቅ በጥቂት ቀናት ይለመዳል፤ ፍሬን አያያዝም እንዲሁ። መዳረሻ ግን ልምምድ ብቻውን የሚያመጣው ነገር አይደለም። ልጆች ብስክሌት በደቂቃ ሒሳብ ይከራዩና አንዱን ሜዳ ሲዞሩ ቆይተው ሰዓቱ ሲሞላ ይመልሳሉ። አዋቂው ደግሞ ገዝቶ ሁለት ሳምንት ይነዳና ግድግዳ ያስደግፈዋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው በስንፍና ሳይሆን የሚደርሱበት ቦታ በመጥፋቱ ነው። ቅርቡ ቦታ በእግር ይኬዳል፤ ሩቁ በሚኒባስ ነው እንጂ በብስክሌት አይታሰብም። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ከ3 እስከ 8 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ርቀት፣ ለእግረኛ የሚረዝም፣ ለመኪና የሚያጥር፣ ለብስክሌት ግን ልክ የሆነ ርቀት ነው። በቦሬም ሆነ በነገሌ ይህ ርቀት እስካሁን ባለቤት አላገኘም።

መዳረሻ ለመባል አንድ ቦታ ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል። አንደኛ፣ ርቀቱ በግምት ሳይሆን በልክ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ የሚያስቀምጥ ነገር ያስፈልገዋል፤ ጥላ፣ ውሃ፣ ሻይ፣ ወይም ቢያንስ ብስክሌቱን አስደግፎ አረፍ የሚሉበት ድንጋይ። ሦስተኛ፣ ሰውየው ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ጉልበትና የቀን ብርሃን ሊተርፈው ይገባል። ጀማሪ የሚሳሳተው በዚህ በሦስተኛው ነው። መንገደኛ ትኬት ሲቆርጥ ደርሶ መልስ ወይስ መሄጃ ብቻ ተብሎ ይጠየቃል፤ ብስክሌተኛን ግን የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ጉልበቱን ሁሉ በመሄጃው ይጨርሳል። እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ፣ ጀማሪ ብስክሌተኛ በደልዳላ ፒስታ ላይ ሳይቸኩል ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ስለዚህ 3 ኪሎ ሜትር ሩብ ሰዓት ገደማ፣ 5 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር 3፣ በሁለተኛው 5፣ ከዚያ በኋላ 8 ኪሎ ሜትር የሚርቁ መዳረሻዎች ቢዘጋጁ፣ አንድ ሰው ሦስት ወር ሳይሞላው 16 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ መንዳት የሚችል ይሆናል።

ይህ አጠቃላይ ስሌት ግን በየከተማው መልክዓ ምድር መታረም አለበት። ቦሬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሀዋሳ ተነስቶ በአዶላ በኩል ወደ ነገሌ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። አካባቢዋ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ አለው፤ እንሰት፣ ገብስ፣ ድንችና ቀርከሃ የሚያበቅል፣ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመላለስ፣ ጭጋግ የሚያዘወትረው አገር ነው። ነገሌ ደግሞ ከቦሬ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ርቃ 1500 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 8 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ይጠበቃል። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች ቢሆኑም የመዳረሻ መምረጫ ቁልፋቸው ይለያያል። በቦሬ ቁልፉ ዳገት ነው፤ በነገሌ ፀሐይ።

በመጀመሪያ የቦሬን ዳገት እንይ። በ2700 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ይቀንሳል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ ደንታ አይሰጠውም፤ ከቆላ ተዛውሮ የመጣ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በትንሽ ዳገት ቢያለከልክ ሊገርመው አይገባም። ከአየሩ ይልቅ የሚከብደው ግን ሽቅብታው ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት 100 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት 83 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ያወጣል። ያልለመደ ሰው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው 75 ዋት ያህል ነው ቢባል፣ ያቺ 100 ሜትር ከፍታ ብቻዋን 18 ደቂቃ ትፈጃለች። በካርታ ላይ 4 ኪሎ ሜትር የሚመስል መዳረሻ በመሃሉ 100 ሜትር ሽቅብታ ካለው በእግር ዐቅም የ6 ወይም የ7 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በቦሬ ርቀትን ብቻ የሚናገር ታፔላ ጀማሪውን ያሳስተዋል፤ ከርቀቱ ጎን ሽቅብታውም መጻፍ አለበት።

ከዚህ ለቦሬ የሚሠራ አንድ ደንብ ይወጣል፤ ለጀማሪ የሚመረጥ መዳረሻ ሲሄዱ ዳገት፣ ሲመለሱ ቁልቁለት ቢሆን ይሻላል። ዳገቱን ጉልበት ሳይጎድል በጠዋት የወጣ ሰው በደከመ ሰዓት መንገዱ ራሱ ወደ ቤቱ ያወርደዋል። በቁልቁለት የጀመረ ግን ምን ያህል እንደወረደ የሚያውቀው ፊቱን ሲያዞር ብቻ ነው። ከተማዋ ከዙሪያዋ ዝቅ ባለችበት አቅጣጫ ሁሉ ይህን ደንብ የሚያሟላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ከተማዋ ከፍ ባለችበት አቅጣጫ ደግሞ መዳረሻው እስከ 2 ኪሎ ሜትር ቢያጥር ይመረጣል።

ደንቡ የራሱ አደጋ አለው። አዲስ ነጂ ዳገት ላይ ቢደክመው ወርዶ ይገፋል እንጂ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ቁልቁለት ላይ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በየሰከንዱ 8 ሜትር ይጓዛል። ነጂው ከፊቱ ያለውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ 8 ሜትሩ ሄዷል ማለት ነው። ቸርኬው በዝናብ ከራሰና ጭቃ ከነካው ደግሞ የፍሬኑ ላስቲክ ሳይነክስ ይንሸራተታል፤ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ለመቆም ሌላ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ጭጋግ ሲወርድ የሚታየው 30 ሜትር ብቻ ከሆነ በጭጋጉ ውስጥ የቆመች ላም ከታየች በኋላ ለመቆም ርቀቱ ላይበቃ ይችላል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በዚያው እርጥብ መንገድ ላይ የመቆሚያው ርቀት ወደ 10 ሜትር ይወርዳል። ለጀማሪ ማስተማር የሚገባው ይህ ነው፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ሁለቱንም ፍሬን መሞከር፣ በዝናብ ጊዜ አስቀድሞ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረጉ ቸርኬውን ማድረቅ፣ የፊተኛውን ፍሬን ብቻውን በድንገት አለመያዝ።

በቦሬ ዙሪያ ሊሰየሙ ከሚችሉት መዳረሻዎች አንዱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የቦሬ ግብርና ምርምር ማዕከል ከከተማዋ በስተ ሰሜን 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሶንጎ በሪቻ ቀበሌ፣ ወደ ሀዋሳና አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ይገኛል። ከፍታው 2700 ሜትርን ያልፋል። ለሦስተኛው ወር መዳረሻ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው። መንገዱ ሳይጠየቅ የሚገኝ ነው፤ ከዋናው መንገድ መገንጠል አያስፈልግም። ደግሞም የሚታይ ነገር አለ፤ በደጋ እህሎችና በድንች ላይ በሚሠራው ማዕከል አካባቢ የሙከራ መደቦች እንደየወቅቱ መልካቸውን ይለዋውጣሉ። በሚያዝያ አዲስ የታረሰ አፈር ያየ ልጅ በመስከረም እዚያው ሲመለስ ያንኑ መሬት በሌላ ቀለም ያገኘዋል። አጥር ውስጥ መግባት የማዕከሉ ፈቃድ ነው፤ ለብስክሌተኛው ግን ከበሩ ውጭ አንድ አግዳሚ ወንበርና የውሃ ቧንቧ ይበቃዋል። ከተማ አስተዳደሩ ይህን ከማዕከሉ ጋር ተነጋግሮ ቢያመቻች የከተማዋ የመጀመሪያ ሙሉ ደርሶ መልስ ይሆናል፤ 16 ኪሎ ሜትር፣ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ።

ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ወር የሚሆኑት በ3 እና በ5 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በየአቅጣጫው የሚገኙት የተለመዱ ቦታዎች ናቸው፤ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ወፍጮ ቤት፣ ምንጭ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የኳስ ሜዳ። ወፍጮ ቤት ከሁሉም ይመቻል። ሰው አለበት፣ ጥላ አለበት፣ ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ መድረሱ ይታወቃል፤ ጎማ ቢፈስም የሚያግዝ አይጠፋም። ምንጭ ሲመረጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና ልጆች ተራ የሚጠብቁበት ስለሆነ ብስክሌተኛው ከመንገዱ ዳር እንጂ ከምንጩ አፍ ላይ ማረፍ የለበትም። የጉጂ ማኅበረሰብ በገዳ ሥርዓት የሚጠብቃቸው የሥርዓት ቦታዎችና ዛፎችም አሉ። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለውን ቦታ በመዳረሻ ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት ወይም ለመተው የሚወስኑት የአካባቢው አባቶች ናቸው፤ ጽሕፈት ቤቱ ከመጻፉ በፊት ሊጠይቃቸው ይገባል።

በነገሌ ነገሩ ይገለበጣል። ዙሪያዋ ከቦሬ ይልቅ የሚደላደል ስለሆነ ጀማሪው 5 ኪሎ ሜትርን በመጀመሪያው ሳምንት ሊደርስ ይችላል፤ ችግሩ የሚመጣው ሲመለስ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በቀዝቃዛ አየር የወጣ ሰው በመዳረሻው ብዙ ከቆየ ከ4 ሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። በሙቀት የሚነዳ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል፤ ልብሱ ደረቅ ስለሆነ ያላላበው የሚመስለው ቢኖር ይሳሳታል፤ ልብሱ የማይርሰው ደረቅ አየር ላቡን ከቆዳው ላይ ወዲያው ስለሚወስደው ነው። ስለዚህ በነገሌ መዳረሻ የሚመረጠው በሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስቶ 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቤት የሚያስገባ፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወጥቶ ከመምሸቱ በፊት የሚመልስ።

ውሃ በነገሌ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሀገሪቱ ታሪክ ይመሰክራል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበረው የጦር ሠራዊት ያመፀው በምግቡ መጥፎነትና በውሃ ምክንያት ነበር፤ የወታደሮቹ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ያ አድማ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተነሣው የየካቲት አብዮት መነሻ ከሚባሉት ክስተቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የውሃ ነገር እንዲህ በሚከብድበት አካባቢ፣ ውሃ የሌለበትን ቦታ የጀማሪ መዳረሻ ብሎ መሰየም ተገቢ አይሆንም። በዝርዝሩ ላይ ከየመዳረሻው ስም ጎን «ውሃ አለ» ወይም «ውሃ ይዞ መሄድ ያሻል» ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል።

ከነገሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሊበን ሜዳ ይገኛል። በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ እጅግ ካንዣበበባቸው የአእዋፍ ዝርያዎች አንዷ የሆነችው የሊበን ሜዳ ወፍ እዚያ ትኖራለች። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1968 በተሰበሰበ ናሙና ነው፤ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር መካከል ነው። ሣሩ በእርሻ፣ በቁጥቋጦ መስፋፋትና በግጦሽ ብዛት እየሳሳ ሄዷል፤ ማኅበረሰቡ ከልሎ የሚያቆየው የግጦሽ መሬት፣ ካሎ፣ ለወፏም መጠጊያ ሆኗል። ለብስክሌተኛ ይህ ሜዳ የሚያጓጓ ነው፤ አግድም የተዘረጋ፣ ከአድማስ በቀር የሚገታው የሌለ። ሆኖም መዳረሻ መሆን ያለበት ጠርዙ ነው። ከመኪናው ፈለግ ወጥቶ በሣሩ ላይ የሚሄድ ጎማ እንቁላል ላይ ሊያልፍ ይችላል። ለብስክሌተኞች የሚዘጋጀው ዝርዝር ይህን በግልጽ ቢያስቀምጥ ሁለት ጥቅም አለው፤ ወፏ ትጠበቃለች፣ ወጣቱም የከተማውን ብርቅ ነገር ያውቃል።

በነገሌ ጎማን የሚያሸንፈው የግራር እሾህ ነው። እሾሁ ጎማውን ሲወጋ ድምፅ የለውም፤ ነጂው የሚያውቀው የኋላ ጎማው ልፍስፍስ ማለት ሲጀምር ነው። ጎሚስታ ዘንድ ሲደረስ የሚሠራው ሥራ ማንም ሊማረው የሚችል ነው። የውስጡን ጎማ አውጥቶ ይነፋዋል፤ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀስ ብሎ ያዞረዋል፤ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በጣቱ ይይዛል፤ አድርቆ በሸካራ ነገር ይፍቅና ማስቲሽ ቀብቶ ቁራጭ ላስቲክ ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ግን ጀማሪዎች ይረሱታል፤ ጣቱን በውጪው ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ ዙሪያውን አሳልፎ እሾሁን ይፈልጋል። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱም ልጥፍ ግማሽ መንገድ አይቆይም። መዳረሻው 3 ኪሎ ሜትር ከሆነ ብስክሌቱን ገፍቶ መመለስ 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ 8 ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ነው። ለዚህ ነው 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው መንፊያና ማስቲሽ ሳይዝ መውጣት የሌለበት።

በሁለቱም ከተሞች ዋናው መንገድ የብስክሌተኛ ብቻ አይደለም። ቡና የጫኑና ከብት የጫኑ መኪኖች፣ አይሱዙና ሚኒባሶች፣ በከተማ ዳር ደግሞ ባጃጅና ሞተር ይመላለሱበታል። በገበያ ቀን መንገዱ በእግረኛ፣ በአህያና በፈረስ ይሞላል፤ ስለዚህ የገበያ ቀን የጀማሪ ቀን አይደለም። ወደ ውሃ የሚነዳ መንጋ ሲያጋጥም ደወል መደወል ከብቱን ያስበረግጋል፤ ወርዶ ዳር መያዝ፣ እረኛውን ሰላም ብሎ ማሳለፍ ይሻላል። የመመለሻ ሰዓትም ወሳኝ ነው። ሁለቱም ከተሞች ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆኑ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አልፎ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ለመንዳት የሚበቃ ብርሃን የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። መብራት ለሌለው ብስክሌት የመጨረሻው የመመለሻ ሰዓት 12 ሰዓት ነው ቢባል ለወላጅም ለልጅም የማያከራክር ደንብ ይሆናል።

መዳረሻዎቹን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 2.07 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ 483 ዙር 1 ኪሎ ሜትር ነው። በጎማው ሽቦ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ፣ አንድ ተማሪ ብስክሌቱን እየገፋ ሌላው ጨርቁ ወደ መሬት በወረደ ቁጥር ቢቆጥር፣ የትኛውም መንገድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለካል። ጎማው በደንብ መነፋት አለበት፤ የላላ ጎማ ዙሩ ያጥራልና። ከፍታን ለማወቅ የእጅ ስልክ ይበቃል፤ የስልክ ንባብ ጥቂት ሜትር ስለሚሳሳት በመነሻውና በመድረሻው ሦስት ሦስት ጊዜ ወስዶ አማካዩን መያዝ ነው። በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት 5 በመቶ ይባላል፤ ማርሽ በሌለው ብስክሌት ጀማሪ ሊወጣው የሚችለው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። 8 በመቶ ሲደርስ ሁሉም ወርዶ ይገፋል፤ ይህም ነውር አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ «ይገፋል» ተብሎ ይጻፍ። ለሒሳብና ለጂኦግራፊ መምህራን ይህ ሥራ ከክፍል ውጭ የሚሰጥ የተሟላ ትምህርት ነው።

ሌሎች ከተሞች ያደረጉት ነገር ለማነጻጸር ይጠቅማል። በባሕር ዳርና በሀዋሳ ብስክሌት የቆየው በሐይቅ ዳር የተዘረጋው ሜዳ ስላገዘው ነው፤ እዚያ ዝርዝር ባይኖርም መሬቱ ራሱ ይመራል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለውን ከመኪና ነፃ ቀን ጀመረች፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ውስጥ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተውባታል። አገሪቱም ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ፣ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ስትራቴጂ አላት። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ በ1974 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ልማድ በየእሑዱ መንገዶቿን ለብስክሌትና ለእግረኛ ትከፍታለች። እነዚህ ሁሉ ወይ ሜዳማ መሬት፣ ወይ በጀት፣ ወይ መንገድ የመዝጋት ሥልጣን ይፈልጋሉ። ለቦሬና ለነገሌ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ከቤልጅየም ሊምበርግ የመጣው ነው። ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ በከሰል ጉድጓዶች ውስጥ መገናኛዎች በቁጥር ይለዩ እንደነበር አስታውሶ፣ የብስክሌት መንገዶችን መጋጠሚያ በቁጥር የመለየት ሐሳብ አቀረበ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ነጂው የመንገድ ስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ከ4 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 12 እያለ ይሄዳል። ወርቅ በሚቆፈርባት በአዶላ ጎረቤት ላሉ ከተሞች ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንም። የሚያስፈልገው ቋሚ እንጨት፣ ቀለምና ቁጥር ነው።

የኢትዮጵያ የብስክሌት ስም ከመንገዱ ይቀድማል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ባልደረቦቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ ፅጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ነገር ግን ሻምፒዮን የሚወጣው ብዙ ሰው ከሚነዳበት ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚነዳው ደግሞ የሚሄድበት ሲኖረው ነው። በተለይ ሴት ልጆች ይህን ይፈልጋሉ። ሜዳ ላይ ሲዞሩ የሰው ዐይን ይበዛባቸዋል፤ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ወፍጮ ቤት ስትሄድ የታየች ልጅ ግን የምትሄድበት ያላት መንገደኛ ናት፣ ማንም አይጠይቃትም። ስለዚህ በየከተማው ከሚሰየሙት መዳረሻዎች ቢያንስ ግማሹ ሴቶች በየዕለቱ የሚሄዱባቸው ቦታዎች እንዲሆኑ ይገባል።

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት፣ ከአስተዳደሮቹና ከጽሕፈት ቤቶቹ የሚጠበቀው የሚከተለው ነው።

1. በየከተማው ስድስት መዳረሻዎችን መምረጥ፤ ሁለቱ በ3፣ ሁለቱ በ5፣ ሁለቱ በ8 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኙ። በቦሬ ከ8 ኪሎ ሜትሮቹ አንዱ የግብርና ምርምር ማዕከሉ በር ሊሆን ይችላል።

2. እያንዳንዱን በተማሪዎችና በመምህራን አማካይነት ማስለካት፤ ርቀቱን፣ ጠቅላላ ሽቅብታውን፣ የመንገዱን ዓይነት (አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ፒስታ)፣ የውሃውን መኖር፣ በዝናብ ጊዜ የሚዘጋ መሆን አለመሆኑን መመዝገብ።

3. በመነሻው፣ በመጋጠሚያዎችና በመድረሻው ላይ ቁጥርና የቀረውን ኪሎ ሜትር የያዘ ታፔላ ማቆም፤ ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሆኖ።

4. ዝርዝሩን በአንድ ገጽ አትሞ በትምህርት ቤቶች፣ በመናኸሪያ፣ በብስክሌት አከራዮችና በጎሚስታዎች ቤት መለጠፍ። ጀማሪው መጀመሪያ የሚደርሰው እነዚህ ጋ ነው።

5. በቦሬ ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ በነገሌ ደግሞ በጋው ሲጠነክርና ሲያበቃ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መንገዶቹን እንደገና አይቶ ዝርዝሩን ማረም። ጎርፍ የወሰደው ድልድይ ወይም የደረቀ ምንጭ ባልታረመ ዝርዝር ላይ ካለ ጀማሪውን መሃል መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

የብስክሌት መስመር መሥራት ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ለሁለቱም ከተሞች ተራው ሲደርስ ይመጣል። ስድስት መዳረሻዎችን ለመለካትና ለመሰየም ግን አንድ የዕረፍት ሰሞን ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
- በሁለቱም ከተሞች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች
- ለብስክሌት አከራዮችና ለጎሚስታዎች
- ብስክሌት ገዝቶ ግድግዳ ላስደገፈ ሁሉ